አምስት ለሦስት ተሸንፎ ተስፋ ማድረግ

በአማርኛችን «ምኞት» እና «ተስፋ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ቦታ ይናገረዋል፤ ዳሩ ግን ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። ምኞት ልብ የወደደውን ነገር መሻት ነው፤ ምክንያት አይጠየቅበትም። ተስፋ ግን የሚጨብጠው ነገር ያስፈልገዋል። ገበሬ እርሻውን ሳያርስ የጎተራውን መሙላት ቢያስብ ምኞት ነው፤ አርሶና ዘርቶ የሰኔን ደመና ቢጠባበቅ ግን ተስፋ ነው። ይህን ልዩነት በግልጥ ከሚያሳዩት ቦታዎች አንዱ የእግር ኳስ ሜዳ መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል?

ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 2012፣ የኢትዮጵያና የሱዳን ብሔራዊ ቡድኖች በሱዳን ዋና ከተማ ተገናኙ። ጉዳዩ ከባድ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች አንድ ጊዜ በሱዳን፣ አንድ ጊዜ በኢትዮጵያ ተጋጥመው የሚያሸንፈው ብቻ ደቡብ አፍሪካ ወዳዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ወደዚህ ውድድር አልገባችም ነበር። የዋንጫው በዓል እስኪደርስ ሲቈጠር 31 ዓመት ይሞላል፤ ስለዚህ ብዙው ወጣት አገሩን በዚያ አደባባይ አይቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ጨዋታ በሱዳን 5 ለ 3 አሸናፊነት ተፈጸመ።

በዚያ ወራት በካርቱም፣ በባህሪና በኦምዱርማን እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። ካፉሪ የሚባለው ሰፈር በባህሪ በኩል ያለ፣ ሰፋፊ ግቢና ረጃጅም አጥር ያላቸው ቤቶች የሚበዙበት ነው። ወገኖቻችንም በእነዚህ ቤቶች በዘበኝነት፣ በወጥ ቤትነትና በሾፌርነት እየሠሩ ለአባት ለእናታቸው ገንዘብ ይልኩ ነበር። እንግዲህ የነዚህን ሰዎች ነገር አንባቢ በልቡ ይመልከተው። እንጀራቸውን የሚያገኙበት አገር ካሳደጋቸው አገር ጋር ሲጫወት ወዴት ይጩኹ? ሲያሸንፉስ በማን ፊት ይደሰቱ? ሲሸነፉስ በማን ፊት ይዘኑ?

በካፉሪ አንድ ዘበኛ ወገናችን ነበረ። የሚጠብቀው ቤት ጌታ በዕድሜ የገፉ ሱዳናዊ ሲሆኑ ኳስ እጅግ ይወዳሉ። በማግሥቱ ጧት ሽማግሌው የግራ እጃቸውን አምስት ጣቶች ዘርግተው ወጡ።

«ልጄ፣ እነዚህን ቍጠራቸው» አሉት።

«ሐጅ፣ ቈጥሬያቸዋለሁ። ግን የቀኝ እጅዎን ሦስት ጣቶችም ያሳዩኝ» ብሎ መለሰላቸው።

ሽማግሌው ሥቀው ተቀመጡና ክርክሩ ተጀመረ። እርሳቸው በ1962 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም በተደረገ ጊዜ ሱዳን ኢትዮጵያን 3 ለ 0 ማሸነፏን፣ በፍጻሜውም ጋናን 1 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን መውሰዷን አነሡ። ዘበኛውም ከአባቱ የሰማውን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አነሣ። በዚያ ዕለት በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ስትጫወት ሁለት ጊዜ ተመርታ ነበር። ሁለት ጊዜም አቻ ሆነች፤ የሁለተኛውን ጊዜ ግብ ያገባው የአሥመራው ተወላጅ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ ያን ጊዜ ጨዋታው ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነበር። በተጨመረው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አገቡ፤ 4 ለ 2 ሆነ፤ ዋንጫውም በኢትዮጵያ ቀረ።

ታሪክ መጥቀስ ግን ብቻውን ተስፋ አይሆንም። የዘበኛው ዋና ማስረጃ ሒሳብ ነበር። በጊዜው በነበረው ደንብ መሠረት የሁለቱ ጨዋታዎች ግብ ተደምሮ እኩል ቢሆን፣ በሰው አገር ብዙ ግብ ያገባው ቡድን ያልፋል። ስለዚህ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ 2 ለ 0 ብታሸንፍ ድምሩ አምስት ለአምስት ይሆናል፤ በሰው አገር የገቡት ሦስት ግቦችም ለእርሷ ይመሰክራሉ። 3 ለ 1 ወይም 4 ለ 2 ቢሆንም እንዲሁ ታልፋለች። 1 ለ 0 ብቻ ካሸነፈች ግን አይበቃም። ስለዚህ «እናሸንፋለን» ማለቱን ትቶ «ሁለት ግብ እናገባለን፤ አንድም አናስገባም» ይል ነበር። የመጀመሪያው አነጋገር ምኞት ሲሆን ሁለተኛው ተስፋ ነው፤ የሚያስፈልገውን ሥራ ለይቶ ያውቃልና።

ከጳጉሜ 3 እስከ ጥቅምት 4 ቀን ያለው ጊዜ 36 ቀን ነው። በመካከሉ ዕንቍጣጣሽ አለፈ፤ መስቀልም አለፈ። ዓርብ ዓርብ ቡና ሲፈላ ክርክሩ ይታደሳል። ሱዳኖችም ቡናቸውን የሚያፈሉበትን ዕቃ እንደ እኛው ጀበና ይሉታልና፣ በአንድ ጀበና ዙሪያ ሁለት አገር ይከራከር ነበር። እኛ ከሁሉ የምናደንቀው ይህን ነው፤ በዚያ ሁሉ ክርክር ክፉ ቃል አልወጣም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ይሠራል።

እሑድ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ስታዲየም ጢም ብሎ ሞላ። እስከ ዕረፍት ድረስ ግብ አልገባም። የተስፋ ጽናት የሚፈተነው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው፤ ሒሳቡ አልተለወጠም፤ ጊዜው ግን ያጥራል። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ የመጀመሪያውን አገባ፤ ሳላዲን ሰዒድም ሁለተኛውን ጨመረ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን 2 ለ 0 አሸንፎ ወጣ፤ ልክ ያ ዘበኛ እንደ ቈጠረው ማለት ነው። አዲስ አበባ ሌሊቱን በጭፈራ አሳለፈችው። በካፉሪ ግን ሽማግሌው በራቸውን ከፍተው ወጡና «ልጄ፣ ሦስቱን ጣት ረስቼ ነበር» ብለው እጁን ጨበጡት።

እውነቱን ሁሉ ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ጣፋጭ አልነበረም። ቡድናችን ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የ1954ቱ ድል 51ኛ ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። ከዚያም በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ተስፋ እስከ መጨረሻው ያደርሳል ያለ ሰው የለም፤ ከደጃፉ ካደረሰ ድርሻውን ፈጽሟል።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ካርቱምና ባህሪ የጦር ሜዳ ሆኑ። የካፉሪ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ተበተኑ፤ ብዙ ወገኖቻችንም በመተማ በኩል ተመለሱ። የሱዳን ብሔራዊ ቡድን በአገሩ መጫወት ስላልቻለ ጨዋታውን በሊቢያ ያደርግ ጀመር። ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ጋና ነበረ። ሆኖም ሱዳን በአክራ ባዶ ለባዶ ወጣ፤ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በቤንጋዚ ጋናን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በኅዳርም ከአንጎላ ጋር አቻ ሲለያይ ለአፍሪካ ዋንጫ መድረሱን አረጋገጠ። ቤት ላጣ ሕዝብ ይህ ነገር ጣራ አይሆነውም፤ ነገር ግን በየስደቱ ተበትኖ የሚኖረው ሁሉ በአንድ ምሽት አንድ ስም እንዲጠራ አድርጎታል።

እንግዲህ እናትና አባት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፣ ልጃችሁ ቡድኑ ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ ቢገባ «ምን ያለ ከንቱ ነገር ነው» ብላችሁ አታስወግዱት፤ «አይዞህ፣ እናሸንፋለን» ብላችሁም በባዶ አትሸንግሉት። አጠገባችሁ አስቀምጡና «ስንት ጨዋታ ቀረ? ስንት ግብ ያስፈልጋል? ምን ቢደረግ ይገኛል?» ብላችሁ ጠይቁት። በዚህ ዓይነት መቍጠር የለመደ ልጅ ነገ በፈተና ሲወድቅ ወይም ሥራው ሲሰናከል የቀረውን ለይቶ ያያል። ያሸነፈው ጎረቤቱም በሩን ሲያንኳኳ እንዲከፍትለት አስተምሩት፤ የመልሱ ጨዋታ የሚጠበቀው ከዚያው ጎረቤት ጋር ቡና እየጠጡ ነውና።