ፕላዝማው «ጎበዞች!» ሲል

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባላቸው ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በሳተላይት የሚሠራጭ አንድ ጥሩ ትምህርት ከሞያሌ እስከ ሁመራ እኩል ይደርሳል ተባለ። ክፍል ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ፕላዝማው ይወስደው ነበር። በእንግሊዝኛ እየተንደረደረ ያስረዳ፣ ይጠይቅ፣ «ተወያዩ» ይል ነበር። ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ «ጎበዞች፣ ልክ ናችሁ!» ብሎ ያልፍ ነበር። ማንም አልመለሰለትም እኮ! መብራት ቢጠፋም አይጠብቅም ነበር፤ በማግስቱ የሚመጣው ቀጣዩ ትምህርት ነበር። የፊዚክስ ዲግሪ ይዞ ሥራው ማብራትና ማጥፋት የሆነበት አስተማሪ ጥግ ይዞ ይቆም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጡትም መፍትሔዎች ጠባያቸው ይኸው ነው፤ ከላይ ይወርዳሉ፣ አስተማሪውን አልፈው ይሄዳሉ። «አንድ ለአምስት» የሚባለው የተማሪዎች ቡድን ለጥናት ታስቦ ብዙ ቦታ ቅጽ መሙያ ሆኖ ቀረ። ተከታታይ ምዘናም ወረቀት ላይ ያምራል። ሰባ ሰማንያ ልጅ ባለበት ክፍል ግን የቤት ሥራው መቼ ታርሞ መቼ ይመለሳል? እናም ማርኩ «ይሞላል»። መምህራን በሻይ ሰዓት የሚያማርሩት ለውጥን ጠልተው አይመስለኝም፤ አንዱን ሳይለምዱት ሌላው ስለሚተካባቸው ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥና ኩረጃው ሲጠብ ገመናው ወጣ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። ፈተናውን ማጥበቁ፣ ለእኔ፣ ከእርምጃዎቹ ሁሉ ሐቀኛው ነው። ተከትሎት የመጣው፣ ላላለፉ ተማሪዎች የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት (ሪሚዲያል) ግን የአሥራ ሁለት ዓመቱን ጉድለት በጥቂት ወራት ልሙላ ይላል።

ጉድለቱ የሚጀምረው ታች ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅ እንዳይደግም የሚያደርገው አሠራር የታሰበው ተማሪው ተስፋ ቆርጦ እንዳያቋርጥ ነበር፤ አብሮት መምጣት የነበረበት እገዛ ግን ብዙ ቦታ አልመጣም። ፊደል ያልለየው ልጅ አራተኛ ክፍል ይገባል፤ እዚያ ያለችው መምህርት ደግሞ መጽሐፉን እንድትጨርስ ትጠየቃለች እንጂ ልጁ ማንበቡን ማን ይጠይቃታል? ጎበዝ የተባለው አስተማሪስ አንደኛ ክፍል መቼ ተመድቦ ያውቃል? የሚሰጠው ለስምንተኛ ነው፤ ሚኒስትሪ የሚፈተኑት እነሱ ናቸዋ።