ጉልበትን የመቀየር ሕክምና

በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይሰይማል፤ አንደኛው ጭንንና ቅልጥምን የሚያገናኘው መገጣጠሚያ ሲሆን ሁለተኛው ኃይል ወይም ብርታት ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። ጉልበቱ የከዳው ሰው ገበያ ወጥቶ መግባት፣ ደረጃ መውጣት፣ አልፎ ተርፎም ከተቀመጠበት ያለ ረዳት መነሣት ይሳነዋል።

የጉልበት መገጣጠሚያ የጭን አጥንት፣ የቅልጥም አጥንትና የጉልበት ሎሚ የሚገናኙበት ስፍራ ነው። የአጥንቶቹን ጫፎች ልም አጥንት ይሸፍናቸዋል፤ በመካከላቸውም የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይገኛል። በዕድሜ መግፋት፣ በክብደት መብዛት፣ በቀድሞ ጉዳት ወይም በቁርጥማት በሽታ ምክንያት ልም አጥንቱ እየሳሳ ሄዶ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። በዚህ ጊዜ ጉልበት ያብጣል፤ ይጠዘጥዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ይጣመማል።

መድኃኒት፣ የአካል እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ሳይረዱ ሲቀሩ የመጨረሻው አማራጭ መገጣጠሚያውን መቀየር ነው። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ነው። ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 በበርሊን ከተማ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ጉልበት ለሕመምተኛ ገጥሞ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሙከራው ቁስሉ በማመርቀዙ ምክንያት አልዘለቀም። በዛሬው ሕክምና ሐኪሙ የተበላሹትን የአጥንት ጫፎች በስሱ ቆርጦ ያነሣና በብረት ሽፋን ይተካቸዋል፤ በሁለቱ ብረቶች መካከልም ጠንካራ ፕላስቲክ ያስገባል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል። እንዲህ ከተቀየሩት ጉልበቶች ከ10ሩ 8ቱ ያህል 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ጥናት ያመለክታል።

እንግዲህ አስተውሉ። ሐኪሙ ብረቱን ቢገጥምም አዲሱን ጉልበት የሚያጥፈውና የሚዘረጋው የሕመምተኛው ጡንቻ ነው። ስለሆነም የሕክምናው ውጤት በእጅጉ የሚወሰነው ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በቤት ውስጥ በሚደረገው ጥረት ነው።

ዝግጅቱ ከሳምንታት በፊት ይጀመራል። በመጀመሪያ የጭን ጡንቻ መጠንከር አለበት። ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን ወደ ፍራሹ እየተጫነ እስከ አምስት ይቆጥራል፤ ከዚያም ያላላል። ይህን በየቀኑ ይደጋግማል። ሁለተኛ፣ የታመመ ጥርስ ወይም የእግር ቁስል ካለ አስቀድሞ መታከም ይገባዋል፤ ምክንያቱም በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በደም ተጉዘው ብረቱ ላይ ከሰፈሩ እነሱን ማስወገድ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት የስኳሩን መጠን ያስተካክላል፤ ሲጋራ የሚያጨስም ያቆማል፤ ማጨስ ቁስል ቶሎ እንዳይሽር ያደርጋልና። ሦስተኛ፣ ቤቱ ይዘጋጃል። በዱካ ፈንታ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይቀርባል፤ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሣል፤ ቁጢጥ ማለት ስለማይቻል ለመጸዳጃ የሚሆን መቀመጫም ይታሰብበታል።

ቀዶ ሕክምናው እንደተፈጸመ ሕመምተኛው በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ተደግፎ እንዲቆምና ጥቂት እንዲራመድ ይደረጋል። ችግር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ቤተ ዘመድ ከማዘኑ የተነሣ «አይዞሽ እማማ፣ አትነሺ፣ እኛ እናቀርብልሻለን» ይላል፤ ከጉልበታቸው ሥርም ትራስ ያደርግላቸዋል። ትራሱ ለጊዜው ይመቻል፤ ነገር ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ስለሚደርቅ ኋላ ቀጥ ብሎ መዘርጋት ያቅተዋል። ትራስ መደረግ ያለበት ከቁርጭምጭሚት ሥር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበቱ እስከ 90 ዲግሪ እንዲታጠፍ ይጣራል፤ ይህም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንና ቅልጥም የሚሠሩት ማእዘን ነው። እንቅስቃሴው ያማል፤ ስለዚህ የታዘዘውን ማስታገሻ አስቀድሞ መውሰድ፣ ከእንቅስቃሴውም በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ማድረግ ይረዳል።

ሆኖም ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ባት ሲያብጥና ሲያም የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። ይህ ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሕይወትንም ያሰጋል። ቁስሉ ሲቀላ፣ መግል ሲይዝ ወይም ትኩሳት ሲነሣም ጀርሞች መግባታቸውን ያመለክታል። እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት አይገባም፤ መታሸቱ የረጋውን ደም ሊያንቀሳቅሰው ይችላልና።

ብዙ ሰዎች ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ወደ ቀላል ሥራቸው ይመለሳሉ፤ እብጠቱ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። መንበርከክና መስገድ ለአንዳንዶች አስቸጋሪ ሆኖ ስለሚቀር ይህን ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ተገቢ ነው።

እናንተም በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቢኖር ውኃ ከማቀበል የበለጠ ልትረዱ ትችላላችሁ። ክንድ ሰጥታችሁ አስነሡ፤ አብራችሁ ቁጠሩ፤ እስከ ደጃፍ አብራችሁ ተራመዱ። ትናንት እስከ በሩ የደረሱ አያት ዛሬ እስከ አጥሩ ቢደርሱ፣ ትልቅ ሥራ ሠርታችኋል።

መልመጃ

1. ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ለምን ጉዳት ያመጣል?
2. ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታመመ ጥርስ መታከም ያለበት ስለምንድን ነው?
3. «ጉልበት» የሚለውን ቃል በሁለቱም ፍቺዎቹ በዓረፍተ ነገር አስገብታችሁ ጻፉ።
4. በቤታችሁ የታመመ ሰው እንዴት እንደሚረዳ ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።