በገዛ እጅ የተሠራ አይሮፕላን የመጀመሪያ የአገር አቋራጭ ጕዞ፤ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

አንድ ሰው በገዛ እጁ የሠራው አይሮፕላን ከምድር ተነሥቶ፣ ሜዳውን ዞሮ፣ በደኅና ካረፈ፣ ብዙዎቻችን ሥራው እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለናል። በእውነቱ ግን ያ የሥራው አጋማሽ ነው። በሜዳው ዙሪያ የሚበር አይሮፕላን ሞተሩ ቢጠፋበት ተንሸራቶ ወደ ሜዳው ይመለሳል፤ ካንዴላ የሚፈታለት ጓደኛ፣ መፍቻውም፣ ውሃውም ከበታቹ ናቸው። ሜዳው ከዓይኑ ከተሰወረ በኋላ ግን አብራሪው ያለው ሀብት የጫነው ነገርና አስቀድሞ ያሰበው አሳብ ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው ያን ሁለተኛውን አጋማሽ ነው፤ ለምሳሌም የምንወስደው እኛ የምናውቀውን የአዋሽን ሸለቆ፣ ይኸውም ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ያለውን አገር ነው።

አይሮፕላን በአገራችን መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ በአዲስ አበባ የሠራት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው «ፀሐይ» በሰማይ ላይ በራለች። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ብዙ ዘመን በሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። ነገር ግን «ፀሐይ» የመንግሥት ሥራ ነበረች። ለነገራችን ይበልጥ የሚቀርበው አቶ አስመላሽ ዘፈሩ የሠራው ነው።

አቶ አስመላሽ የአብራሪነት ትምህርት ለመግባት ፈልጎ በቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ጐድሎት የቀረ ሰው ነው። መጻሕፍት እያነበበ፣ በኢንተርኔት የሚገኙትን ፊልሞች እየተመለከተ፣ አንድ አነስተኛ አይሮፕላን በራሱ ገንዘብ ሠራ። ስሙንም «ኬ 570 ኤ» አለው፤ ኬ የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ፊደል ናት፤ 570 ሥራው የፈጀው የቀን ቍጥር ነው። ሞተሩ ሕዝባችን ቮልስ እያለ ከሚጠራው አሮጌ መኪና የተወሰደ፣ ባለ አራት ሲሊንደርና 40 የፈረስ ጕልበት ያለው ነው፤ ፕሮፔለሩን ደግሞ ከእንጨት ጠርቦ አበጀው። በ2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያበረው ሲሞክር ፕሮፔለሩን ከሞተሩ ጋራ የሚያያይዘው ክፍል ተሰበረና አይሮፕላኑ ሳይነሣ ቀረ። በዚያን ጊዜ የሳቁ ነበሩ ይባላል። የሳቀ ሰው ግን ከመኪና የተወሰደ ሞተር በአይሮፕላን አፍንጫ ላይ ምን እንደሚደርስበት አላሰበም። በመኪና ውስጥ የሞተሩ ዋና ዘንግ ሥራው ጥርሶችን ማዞር ብቻ ነው፤ በአይሮፕላን ላይ ግን የሚሽከረከረው ፕሮፔለር መላውን አይሮፕላን ወደ ፊት ይስባል፤ አፍንጫው ሲዞር ደግሞ ዘንጉን ወደ ጐን ይጠመዝዛል። ያ ኀይል ሁሉ የሚያልፈው በጥቂት ቡሎኖች በኩል ነው።

በዚህ ላይ የአዲስ አበባ አየር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት አየሯ ስስ ነው። በባሕር ጠረፍ ያለው አየር 100 ቢባል፣ በአዲስ አበባ በሞቃት ቀትር የሚገኘው 74 ያህል ብቻ ነው። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው በአየር እንደ መሆኑ መጠን የአቶ አስመላሽ 40 የፈረስ ጕልበት እዚያ ሲደርስ ወደ 28 ይወርዳል። ክንፉም ቢሆን በስስ አየር ላይ ለመቆም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። አዋሽ ከተማ ግን ከፍታው 986 ሜትር ነው። በማለዳ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ ያው ሞተር እዚህ 34 የፈረስ ጕልበት ያህል ይሰጣል። የስድስት ፈረስ ልዩነት በጭነት መኪና ላይ ምንም አይደለም፤ ለመነሣት 28 ብቻ ላለው ግን ዛፍ ማለፍና ዛፍ መምታት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አሳብ ማረም ይገባል። «የሰመራ ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው ትንሽ አይሮፕላን አይነሣም» ሲባል እንሰማለን። ስሌቱ የሚነግረን ሌላ ነው። ሰመራ ከፍታዋ ከ430 ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ በ42 ዲግሪ ሙቀት እንኳ አየሯ በአዋሽ ማለዳ ከሚገኘው አየር ጋራ ይተካከላል፤ ከአዲስ አበባ ቀትር ግን በእጅጉ ይወፍራል። የሰመራ ሙቀት የሚጐዳው ክንፉን ሳይሆን ሞተሩን ነው። የቮልስ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ነፋሱ ራሱ 42 ዲግሪ ከሆነ በምን ይቀዘቅዛል? ዘይቱ ይቀጥናል፣ የሲሊንደሩ ራስ ይግላል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ቤንዚኑ ነው። የመኪና ቤንዚን በጋለ ቱቦ ውስጥ ይተንና የእንፋሎት አረፋ ይሆናል፤ አረፋው መንገዱን ሲዘጋው ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ተርቦ ይጠፋል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ያርቁታል፣ ሙቀት በማያስተላልፍ ነገር ይጠቀልሉታል።

የእንጨት ፕሮፔለርም የራሱ ጠባይ አለው። በደጋ ክረምት ተጠርቦ የታሰረ እንጨት ርጥበት አለበት፤ ወደ ቆላ ሲወርድ ይደርቅና ይጠባል፤ ትናንት የጠበቀው ቡሎን ዛሬ ይላላል። የላላ ቡሎን ፕሮፔለሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጡም የቀሩትን ይሰብራል። አይሮፕላኑ አዋሽ ላይ ጥቂት ቀን ተቀምጦ የአገሩን አየር ከለመደ በኋላ እያንዳንዱ ቡሎን በልክ እንደገና መጥበቅ አለበት።

አይሮፕላኑ ከሜዳው ርቆ ለመሄድ ስንት ሰዓት መብረር አለበት? በገዛ እጅ የሚሠራ አይሮፕላን በብዛት የሚገኝባት አገር አሜሪካ ናት፤ በእ.ኤ.አ. 1953 በሚልዋኪ ከተማ በፖል ፖበሬዝኒ የተቋቋመው የሠሪዎች ማኅበር ዛሬ ዓለም አቀፍ ነው። እዚያ የተለመደው ደንብ ሞተሩና ፕሮፔለሩ የምስክር ወረቀት ያላቸው ከሆኑ 25 ሰዓት፣ እንደ መኪና ሞተር የሌላቸው ከሆኑ 40 ሰዓት፣ በተወሰነ ክልል ውስጥ ይበር የሚል ነው። በነዚያ ሰዓታት ውስጥ አብራሪው በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚጠጣ፣ በምን ፍጥነት ክንፉ መሸከሙን እንደሚተው፣ ሞተሩ ሲጠፋ ስንት ሜትር ወደ ፊት እንደሚንሸራተት እየለካ ይጽፋል። በአገራችንም ማንም ሰው ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳይፈቀድለት አይነሣም፤ የጕዞውንም ዕቅድ አስቀድሞ ያስታውቃል።

አሁን እነዚያ 40 ሰዓታት ተፈጸሙ፣ ፈቃዱም ተገኘ እንበል። ከአዋሽ እስከ ሰመራ በቀጥታ መስመር 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 16 ዲግሪ ያዘነብላል። አይሮፕላናችን በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ቢበርና 12 ሊትር ቢጠጣ፣ ነፋስ ከሌለ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይደርሳል፤ 33 ሊትር ይበቃዋል። ነገር ግን በበጋ ወራት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ይህም ማለት ፊት ለፊት ይመጣል። 20 ኪሎ ሜትር ቢቀንስበት ጕዞው 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ ቤንዚኑ 39 ሊትር ይሆናል። በዚያ ላይ ለአንድ ሰዓት የሚሆን መጠባበቂያ ሲጨመር 51 ሊትር ነው። ታንኩ 40 ሊትር ብቻ የሚይዝ ከሆነ ጕዞው አይሆንም፤ ወይም በመካከል የሚያርፍበት የተፈቀደ ሜዳ ያስፈልገዋል። ሒሳብ መምህሮቻችን ይህን ለፈተና ቢያወጡት አንቀየማቸውም።

መነሣት ያለበት ጎሕ ሲቀድ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ የጋለው መሬት አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሜዳው ላይ የአቧራ ዐውሎ መሽከርከር ይጀምራል፤ ትንሽ አይሮፕላንም እንደ ቅጠል ይንገላታል። አብራሪው ከአዋሽ በላይ እየዞረ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር እስኪደርስ ይወጣል፤ ከመሬት ግን የራቀው 500 ሜትር ብቻ ነው። የፈንታሌ ተራራ በግራው በኩል ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጐዳና ከበታቹ ይዘረጋለታል፤ ኮምፓሱ ቢያታልለው እንኳ (ብረት አጠገቡ ካለ ያታልላል) የከባድ መኪናዎቹ ሰልፍ አያታልለውም።

የዚህ ጕዞ መልካም ነገር እዚህ ላይ ይታያል። አብራሪው ከፍታውን ሳይለውጥ ምድሪቱ ከሥሩ ዝቅ እያለች ትሄዳለች። ገዋኔ ላይ ሲደርስ ከመሬት 900 ሜትር ያህል፣ ሚሌ ላይ 1,000 ሜትር ያህል ይርቃል። ሞተሩ ቢጠፋ አይሮፕላኑ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር ቍልቍለት ስምንት ሜትር ቢንሸራተት፣ በአዋሽ አጠገብ ማረፊያ የሚመርጠው በ4 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ በሚሌ ግን በ8 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይሆንለታል። ከሁሉም የሚያሰጋው ክፍል እንግዲህ መጀመሪያው ነው፤ ቤንዚኑም ያን ጊዜ ሙሉ፣ አይሮፕላኑም ከባድ ነው።

ማረፊያው የት ነው? ከአውራ ጐዳናው በስተ ቀኝ ያለው የሃላይደጌ ሜዳ ሰፊና ሣራማ ስለሆነ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ከእርሱ ወዲያ፣ በአሚባራና በገዋኔ ዙሪያ ግን ዓይን ይሳሳታል። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚመስለው ፕሮሶፒስ የሚባለው፣ ከውጭ አገር መጥቶ የግጦሹን መሬት የወረረው እሾሃም ዛፍ ነው። ለከብቶቻችን መከራ የሆነው ይህ ዛፍ ለአብራሪም ወጥመድ ነው። የአዋሽ ዳር እርሻዎች ደግሞ በቦይ የተቈራረጡ ናቸው። አውራ ጐዳናው ራሱ መኪና ስለማይለየው የመጨረሻ ተስፋ እንጂ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ባዶ መሬት ላይ ያረፈ ሰው ከአይሮፕላኑ መራቅ የለበትም፤ ለሁለት ቀን የሚበቃ ውሃ መያዝም ግዴታው ነው። ሰው የሌለበት ቢመስለው ተሳስቷል፤ በአፋር ምድር ሰው ከሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን የሚነጋገርበት ዳጉ አለና፣ አይሮፕላን መውረዱ ከስልኩ ቀድሞ ሳይሰማ አይቀርም።

ከገዋኔ በስተ ምሥራቅ 2,145 ሜትር የሚደርሰው የአየሉ ተራራ ይቆማል፤ አብራሪው በስተ ቀኙ አድርጎ በሩቁ ያልፈዋል። ወደ ሚሌ ሲቃረብ በስተ ግራ ሉሲ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት የሐዳር ምድር አለ። በያንጉዲ ራሳ ፓርክ ላይ ዝቅ ብሎ መብረር አይገባም፤ የቀሩት ጥቂት የዱር አህዮች የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ይደነብራሉ። ከሚሌ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው፤ የተንዳሆ ግድብ ውሃ ሲያበራ፣ ከዚያም ሎጊያ ስትታይ፣ ሰመራ ቀርባለች።

የሰመራው የሱልጣን አሊሚራህ ሀንፈሬ አይሮፕላን ማረፊያ ታላላቆቹ የመንገደኞች አይሮፕላኖች የሚያርፉበት ነው። ትንሹ አይሮፕላን በሬዲዮ ተጠይቆ ተራውን ይጠብቃል፤ ከታላቁ ኋላ የሚቀረው የአየር ሽክርክሪት ሊገለብጠው ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል። ከወረደ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ቡና መጠጣት አይደለም። ሞተሩ ሳይነካ ቀዝቅዞ፣ ዘይቱ ተለክቶ፣ ቡሎኖቹ አንድ በአንድ ተሞክረው፣ የቀረው ቤንዚን ተለክቶ በወረቀት ከተጻፈው ጋራ ይነጻጸራል። 39 ሊትር ይጠጣል የተባለው 46 ጠጥቶ ከተገኘ፣ የመመለሻው ሒሳብ ከመጀመሪያው ይሠራል።

መመለሻው በነፋስ በኩል ይቀላል፤ ያው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። በምድር በኩል ግን ይከብዳል፤ ሲሄድ ዝቅ ስትልለት የነበረችው ምድር አሁን ከፍ እያለች ትመጣበታለች፤ ወደ አዋሽ ሲቃረብም ማረፊያ የሚመርጥበት ስፋት ይጠብበታል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለመመለስ የሚቸኵል አብራሪ የጋለ ሞተር፣ የሚተን ቤንዚንና የሚንገላታ አየር በአንድነት ይገጥመዋል። ስለዚህ አይሮፕላኑን በጥላ አሳድሮ፣ ክንፉን በገመድ አስሮ፣ በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ቡሎኖቹን በባትሪ ብርሃን ዳግመኛ ይመረምራል።