የቀለም ነጠብጣብና የጥያቄ ወረቀት፦ የታራሚን አእምሮ ስለ መመርመር

ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ወደ ችሎት በሚመላለስ ተከሳሽ ላይ የአእምሮ መናወጥ ምልክት ሲታይ፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 51 ዳኛው የባለሙያ አስተያየት እንዲያስቀርብ ያዛል፤ ነገር ግን ፍርዱን የሚያስረው በሳይንስ የተረጋገጠው ግኝት ብቻ እንጂ ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜ እንዳይደለ ይኸው አንቀጽ ይደነግጋል። ቃሉ ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወረደ ነው፤ በሕሊና ነገር "የተረጋገጠ" የሚባለው የትኛው እንደ ሆነ ግን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይሟገቱበታል።

አንደኛው ወገን ፕሮጀክቲቭ የሚባለውን ፈተና ይዟል። የስዊስ ሐኪም የነበረው ሄርማን ሮርሻክ በ1921 እ.ኤ.አ. አሥር የቀለም ነጠብጣብ ሥዕሎች አሳትሞ፣ ተመርማሪው "ይህ ምን ሊሆን ይችላል?" ሲባል የሚሰጠው መልስ የተሰወረ ጠባዩን ይገልጣል አለ። (የ1949ኙ ሕግ አርቃቂ ዣን ግራቨንም ስዊሳዊ ነበሩና፣ ጥያቄውም አከራካሪው መልስም ከአንድ አገር መጣልን ማለት ነው።) ትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው ግን ሥዕሉን ተቀብሎ "አንድም የሌሊት ወፍ ነው፤ አንድም ክንፉን የዘረጋ ኪሩብ ነው" ቢል፣ የአንድምታን ወግ የማያውቅ መርማሪ የትርጓሜን ሥርዓት እንደ ሐሳብ መበታተን ቆጥሮ ሊጽፍበት ይችላል። ሆኖም የተዛባ አስተሳሰብን በመለየት ረገድ ሥዕሉ ዋጋ እንዳለው ነቃፊዎቹ እንኳ አይክዱም።

ሁለተኛው ወገን ኦብጀክቲቭ የሚባለውን፣ መልሱ በቁጥር የሚደመረውን መጠይቅ ይመርጣል። በ1943 እ.ኤ.አ. ከሚኒሶታ የወጣው ኤም ኤም ፒ አይ የተባለው መጠይቅ ሐሰተኛውን የሚያጋልጡ ጥያቄዎች አሉት፤ ይህም ቅጣት ለማምለጥ እብደትን የሚያስመስልና "እብድ" እንዳይባል ሕመሙን የሚሸሽግ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ስፍራ ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን በአማርኛ የተሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ግን 20 ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፤ እንቅልፍን፣ ራስ ምታትን፣ ድንጋጤን፣ የምግብ ፍላጎትን ይጠይቃል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ሲያስል እያደረ ነገ ቀጠሮ የሚጠብቀው ታራሚ "እንቅልፍ የለኝም" ቢል፣ ድምሩ የሚለካው እርሱን ነው ወይስ ክፍሉን? ፊደል ላልቆጠረ ታራሚ ደግሞ ወረቀቱ ይነበብለታል፤ አንባቢው "እርስዎ" ብሎ ሲጀምርና "አንተ" ብሎ ሲጀምር መልሱ አንድ አይሆንም።

በእኔ አስተያየት የሁለቱም ዋና ጉድለት የዛሬውን ሰው ብቻ ማሳየታቸው ነው፤ አንቀጽ 48 ግን የሚጠይቀው ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት የነበረውን አእምሮ ነው። አንቀጽ 51 የተከሳሹ ጠባይና ያለፈ ኑሮው እንዲጣራ ዳኛው ማዘዝ እንዲችል የፈቀደውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ እህል መቼ እንደ ተወ፣ ከማን ጋር መነጋገር እንዳቆመ፣ ሌሊት ማንን እየጠራ ይነሣ እንደ ነበር የምታውቀው ስንቅ ይዛ ወደ ቃሊቲ የምትመላለሰው እናቱ ናት።