ትራንስክሪፕቱ 2.75 ይላል፣ ታዲያ ለምን መሮጥ ተከለከለ?

አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል የሚማር አንድ ሯጭ እናስብ። ሰዓቱ ጥሩ ነው፣ የኮሌጅ አሰልጣኞችም ዓይናቸውን ጥለውበታል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) 2.75 ነው። ዲቪዚዮን 1 ውስጥ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን «የመጀመሪያውን ዓመት መወዳደር አትችልም» ተባለ። ለምን? መልሱ ያለው በማካፈል ስሌት ውስጥ ነው።

አብዛኛውን የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ የሚባል ማኅበር ነው። አባል ኮሌጆቹ በሦስት ዲቪዚዮን ይከፈላሉ። በዲቪዚዮን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም፤ የትምህርት መስፈርቱንም እያንዳንዱ ኮሌጅ ራሱ ያወጣል። በዲቪዚዮን 1 እና 2 ግን ማኅበሩ ራሱ የተማሪውን ውጤት ያሰላል። የሚያሰላውም በ16 ዋና ኮርሶች ብቻ ነው።

ለዲቪዚዮን 1 የሚፈለጉት 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ዓመት ሂሳብ (ከአልጀብራ 1 ጀምሮ)፣ 2 ዓመት ሳይንስ፣ ከነዚህ ከሦስቱ 1 ተጨማሪ፣ 2 ዓመት ማኅበራዊ ሳይንስ፣ እንዲሁም እንደ ውጭ ቋንቋ ካሉት 4 ተጨማሪ ናቸው። የነዚህ አማካይ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት፤ ለዲቪዚዮን 2 ደግሞ 2.2። የኤስኤቲ ወይም የኤሲቲ ፈተና ውጤት በ2023 ከዚህ መስፈርት ወጥቷል።

አሁን እናስላ። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነው፤ ፕላስና ማይነስ አይቆጠሩም። ሯጩ 24 ኮርስ ወስዷል እንበል። ከ8ቱ፣ ማለትም ከስፖርት፣ ከሥዕልና ከመሳሰሉት፣ በሁሉም ኤ አግኝቶ 32 ነጥብ ሰብስቧል። ከ16ቱ ዋና ኮርሶች ያገኘው ግን 34 ነው። ድምሩ 66 ለ24 ሲካፈል 2.75 ይመጣል። ኤንሲኤኤ የሚያየው ግን 34 ለ16 ሲካፈል ነው፤ ያ ደግሞ 2.125 ብቻ ነው!

ውጤቱ በ2.0 እና በ2.3 መካከል የሆነ ተማሪ በዲቪዚዮን 1 ስኮላርሺፕ ማግኘት ይችላል፣ በመጀመሪያው የትምህርት ወቅትም ልምምድ ይሠራል። የመጀመሪያውን ዓመት ውድድር ግን ከዳር ሆኖ ያያል።

2.3ን በ16 ስናባዛ 36.8 ይሆናል። ስለዚህ 37 ነጥብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሯጩ የጎደለው 3 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ሦስት ሲዎች ቢ ቢሆኑለት ኖሮ ያልፍ ነበር።

«12ኛ ክፍል ላይ አስተካክለዋለሁ» ብሎ መጠበቅ ግን አደጋ አለው። በዲቪዚዮን 1 ደንብ ከ16ቱ 10ሩ ሰባተኛው ሴሚስተር ሳይጀምር ማለቅ አለባቸው፤ ከነሱም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። ከዚያ በኋላ እነዚያን 10 ኮርሶች ደግሞ በመውሰድ ውጤት ማሻሻል አይቻልም። በ10ሩ ሁሉ ሲ ያገኘ ተማሪ 20 ነጥብ ይዟል። በቀሩት 6 ኮርሶች 17 ነጥብ ያስፈልገዋል፣ ማለትም አምስት ቢ እና አንድ ሲ። ይቻላል፤ ግን ቀላል አይደለም።

በቅርቡ ከኢትዮጵያ ለሄዳችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መጀመሪያ 9ኛ ክፍል ከገባችሁበት ቀን ነው። አዲስ አበባ 9ኛን ጨርሳችሁ አሜሪካ ውስጥ እንደገና 9ኛ ብትገቡ ቆጠራው ከዜሮ አይጀምርም። ስለዚህ የአገር ቤት ትራንስክሪፕታችሁን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን አሟልታችሁ ያዙ።

ይህን መስፈርት ማለፍ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ማለት እንዳልሆነም አትርሱ። ዩኒቨርሲቲው የራሱ መስፈርት አለው፤ ፈተናም ሊጠይቅ ይችላል።

ዛሬውኑ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? የኤንሲኤኤ ድረ ገጽ ላይ የትምህርት ቤታችሁን ተቀባይነት ያላቸው ዋና ኮርሶች ዝርዝር ፈልጉ። ትራንስክሪፕታችሁ ላይ እነሱን ብቻ አስምሩ፣ ነጥባቸውን ደምሩ፣ ለብዛታቸው አካፍሉ። ከ2.3 በታች ከመጣ፣ የትኛው ሲ ወደ ቢ ሊቀየር እንደሚችል ከአማካሪ መምህራችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ከሆናችሁ ገና ብዙ ጊዜ አላችሁ።