ተቀጥሮ መግባት እና ገብቶ መሥራት

ብዝኃነት፣ አካታችነት እና የእኔነት ስሜት በመሥሪያ ቤቶች መግለጫ ውስጥ አብረው የሚጠሩ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች ቢሆኑም የሚለኩት ግን በተለያየ መንገድ ነው። ብዝኃነት በአንድ ተቋም ውስጥ እነማን እንዳሉ የሚያሳይ በመሆኑ ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ሊቆጠር ይችላል፤ አካታችነት የተቋሙ አሠራር ለገቡት ሁሉ የሚያገለግል መሆኑን የሚመለከት ሲሆን፣ የእኔነት ስሜት ደግሞ ሠራተኛው ሐሳብ ሲሰጥም ሆነ የደረጃ እድገት ሲወዳደር በቤቱ እንደ እንግዳ አለመታየቱን ይመለከታል። ያለ ሁለቱ ብዝኃነት ብቻውን ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ በኢትዮጵያ ጎልቶ ከሚታይባቸው ጉዳዮች አንዱ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት ነው።

በዚህ ረገድ የአገሪቱ ሕግ ራሱ የሐሳብ ለውጥ አድርጓል። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 101 ሽሮ በ2000 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 568፣ የቀድሞው ሕግ የተወሰኑ ክፍት የሥራ ቦታዎችን ለአካል ጉዳተኞች ለይቶ በመያዙ በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ ናቸው የሚል አመለካከት መፍጠሩን በመግቢያው ይናገራል። ሕግ አውጪ በበጎ ሐሳብ የወጣን ሕግ እንዲህ በግልጽ ሲነቅፍ ዘወትር አይታይምና መግቢያው ለብቻው እንኳ ሊነበብ ይገባዋል። ከጀርባው ያለውም ልማድ እንግዳ አይደለም፤ የስልክ ኦፕሬተርነት ለረጅም ዘመን የዓይነ ሥውራን ሥራ ተደርጎ ሲታይ የኖረው፣ ዲግሪ የያዘውም ያልያዘውም በአንድ ዓይን ይታይ ስለነበር ነው።

አዲሱ አዋጅ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይዟል። በአንድ በኩል አስፈላጊው ችሎታ ያለውና ያገኘው ውጤት ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም የተቀራረበ የሆነ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዝዛል። በሌላ በኩል አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ይህም ማለት የሥራ መሣሪያው፣ ቦታው፣ ሰዓቱ ወይም የሥልጠናው አሰጣጥ ሠራተኛው ሥራውን ማከናወን በሚያስችለው መልክ እንዲስተካከል ማድረግ ሲሆን፣ እንደ አስፈላጊነቱ ረዳት መመደብንም ይጨምራል። ማመቻቸቱ ለአሠሪው ከባድ ሸክም የሚሆንበት ሁኔታ በሕጉ የተጠበቀ ቢሆንም፣ ከዚህ ውጭ አለማመቻቸት ራሱ እንደ አድልዎ ይቆጠራል። ብዙ አሠሪዎች ይህን ግዴታ እንደ ችሮታ የሚያዩት መሆኑ አስገራሚ ነው፤ ቢሮው የመብራት ወጪውን በየወሩ ሲከፍል ለሚያዩ ሠራተኞች ርዳታ እየሰጠ ነው የሚል ማንም የለምና።

የሕጉ መንፈስና የዕለት ተዕለቱ አሠራር የሚለያዩት ገና ከሥራ ማስታወቂያው ጀምሮ ነው። «አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» የሚል መስመር ያለበት ማስታወቂያ፣ ከሥሩ ምዝገባው የሚካሄደው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑንና አመልካቹ በአካል መቅረብ እንዳለበት ከገለጸ፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀሰውን ተወዳዳሪ የጋበዘውም ያሰናበተውም በአንድ ወረቀት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ቢደነግግም፣ ከዚያ በፊት የተሠሩትና ከዚያ በኋላ ለይስሙላ ብቻ ቀጥ ያለ መወጣጫ የተለጠፈባቸው ሕንፃዎች በየከተማው አሉ።

ከሕንፃው ይልቅ የማይታየውና ምናልባትም ይበልጥ የሚያገልለው ግን ወረቀቱ ነው። ዓይነ ሥውር ሠራተኛ ኮምፒዩተር የሚጠቀመው ስክሪን ሪደር በሚባል፣ በመስኮቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ከነዚህ አንዱ የሆነውና ሁለት ዓይነ ሥውር አውስትራሊያውያን የጀመሩት ኤንቪዲኤ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን አብሮት በሚመጣው የድምፅ ሞተር አማርኛንም ያነባል፤ ስለዚህ ችግሩ ሁልጊዜ የገንዘብ አይደለም። በቢሮ አሠራር ግን ደብዳቤው ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ስካን ሲደረግ ፎቶግራፍ ይሆናል፤ ጽሑፍ የሚፈልገው ፕሮግራም ከፎቶግራፍ የሚያነበው ስለማያገኝ ዝም ይላል። በቀደሙት የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተተየበ ሰነድ ሲሆን ደግሞ ፊደሉ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ለኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር በመሆኑ፣ የሚሰማው ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው በአውሮፓውያኑ 1999 ሆኖ ሳለ፣ የቆዩ ሰነዶች ዛሬም ከአቃፊ ወደ አቃፊ እየተገለበጡ እንደ ናሙና ያገለግላሉ። ሠራተኛው መመሪያውን ለማወቅ ጎረቤቱን «እስቲ አንብብልኝ» ማለት ግድ ሲሆንበት ሥራው ባይቋረጥም፣ ምሥጢራዊ ደብዳቤ የሚመራለት ኃላፊ ግን አይሆንም። እድገት የሚቀረው በአብዛኛው እንዲህ ባለው፣ ማንም ክፉ ሳያስብ በሚፈጠር ክፍተት ነው።

መስማት ለተሳናቸው ሠራተኞች መሰናክሉ በስብሰባ ላይ ይበረታል። አስተርጓሚ በሌለበት ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ፊርማ ያኖረ ሠራተኛ በቃለ ጉባኤው «ተሳታፊ» ተብሎ ይመዘገባል፤ የተነገረውን የሚያውቀው ግን አንዱ ባልደረባው በብጣሽ ወረቀት ከጻፈለት ብቻ ነው። በሻይ ሰዓት የሚወራው፣ ማን ወደየት እንደሚዛወርና የትኛው ሥልጠና እንደሚመጣ በጨዋታ መሐል የሚታወቅበት ወሬ ደግሞ በብጣሽ ወረቀት እንኳ አይደርሰውም። ለዚህ መደበኛ አስተርጓሚ ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ክፍል ሁለት ሦስት ሠራተኞች መሠረታዊውን የምልክት ቋንቋ ቢማሩ ከብዙ ግንዛቤ ማስጨበጫ አውደ ጥናት የተሻለ ፋይዳ ይኖረዋል።

በመገናኛ ብዙኃን ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በልዩ ስኬት ታሪክ ነው። በሕፃንነታቸው የዓይን ብርሃናቸውን አጥተው የሕግ ባለሙያ የሆኑትና በአውሮፓውያኑ 2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት የትነበርሽ ንጉሤ ክብር የሚገባቸው ናቸው፤ ሽልማቱም የተሰጣቸው የግል ብርታታቸውን ለማድነቅ ሳይሆን ለአካል ጉዳተኞች መብትና አካታችነት ስለሠሩት ሥራ ነው። ታሪኩ እንደ ተአምር ሲነገር ግን አሠሪው የሚጠብቀው ተአምረኛ ሠራተኛ ይሆንና፣ መካከለኛ ችሎታ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ወይም ጸሐፊ ዓይነ ሥውር ስለሆነ ብቻ ከሌላው የላቀ መሆን ይጠበቅበታል።

አዋጅ ቁጥር 568 አድልዎ ደረሰብኝ የሚለው ሠራተኛ ክስ ሲመሠርት የማስረዳት ሸክሙ በአሠሪው ላይ እንዲወድቅ ማድረጉ ብርቱ ጎኑ ነው። ቅጣቱ ግን ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ብቻ በመሆኑ፣ በዛሬ ዋጋ መወጣጫ ከማሠራት መቀጣት ይረክሳል። ከቅጣቱ ይልቅ የዕለቱን አሠራር የሚወስነው የመሥሪያ ቤቱ መዋቅርና የበጀት መደብ ነው፤ ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይም ለንባብ ረዳት በመዋቅሩ ውስጥ የሥራ መደብ ካልተፈቀደ የሰው ሀብት ኃላፊው ቢፈልግ እንኳ መቅጠር፣ የፋይናንስ ኃላፊውም መክፈል አይችሉምና፣ የመዋቅር ጥናት በሚካሄድበት ወቅት እነዚህን መደቦች ማስገባት የአካል ጉዳተኛ ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት በቅድሚያ ሊከታተሉት የሚገባ ጉዳይ ነው።