ስለ ቆሰለች የየብስ ኤሊ አጠባበቅ

በስምጥ ሸለቆ፣ በአዋሽ አካባቢና በቦረና የሚያርሱ ገበሬዎች ብጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ቅርፊት ያላትን ትልቋን የየብስ ኤሊ ያውቋታል። በእርሻ ወራት ከቁጥቋጦ ሥር እንደ ተጠለለች የትራክተር ዲስክ ያገኛታል፤ መንገድ ስታቋርጥ መኪና ይገጫታል፤ ውሻም እግሯን ይነክሳታል። እንዲህ ያለች ኤሊ በማሳዎ ብትገኝ ምን ማድረግ፣ ይልቁንም ምን አለማድረግ እንደሚገባ እነሆ እናስረዳለን። ይህች እንስሳ ለመውለድ እስክትደርስ ብዙ ዓመት ይፈጅባታል፤ ከ50 ዓመት በላይም ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ አንዲት ያደገች እንስት ብትሞት ምትክዋ ቶሎ አይገኝም።

ብዙ ሰው ኤሊ ድንጋይ እንደ ለበሰች ይቆጥራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቅርፊቷ ከጀርባ አጥንቷና ከጎድኗ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ሕያው አጥንት ነው፤ ደም ይዘዋወርበታል፤ ሲነኩትም ይሰማታል። ሳንባዋ የሚገኘው ልክ ከላይኛው ቅርፊት ሥር ነው። እንግዲህ የተሰነጠቀ ቅርፊት የተሰበረ አጥንት ነው ማለት ነው፤ ስንጥቁም አንዳንድ ጊዜ እስከ ሳንባ ይደርሳል።

ከማንሳትዎ በፊት የተገኘችበትን ሥፍራ በዛፍ ወይም በቦይ ምልክት ያድርጉ፤ በኋላ ያስፈልግዎታል። በሁለት እጅ ከጎንና ከጎን ይዘው ሳያዘነብሉ ያንሷት፤ በጀርባዋ አይገልብጧት፤ መተንፈስ ያስቸግራታል። የሚደማ ካለ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለው ይያዙት። ከዚያ ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልተው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ያልተከመረ ጨው ጨምረው፣ ሲበርድ ከላይ ያለውን አፈር በቀስታ ይጠቡላት። ቀዳዳው ጥልቅ ከሆነ ውኃ ወደ ውስጥ አያፍስሱ። የተፈረፈረ የቅርፊት ቁራጭ ካገኙ አይጣሉት፤ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለሐኪሙ ይውሰዱለት።

ቁስሉን በሬንጅ፣ በሰም፣ በሙጫ፣ በቅቤ ወይም በእበት መድፈን ፈጽሞ አይገባም። ቆሻሻው ከውስጥ ታፍኖ ያመረቅዛል። በሳሳ ንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ብቻ ይበቃል፤ ዝንብ እንቁላል ከጣለችበት በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊፈለፈል ይችላል።

በቅርፊቷና በእግሯ መገናኛ ብዙ ጊዜ መዥገር ይገኛል። ለከብትዎ የገዙት አይቨርሜክቲን በእጅዎ ቢኖር እንኳ ለኤሊ አይስጡ፤ አይውጉም። ለበሬ መድኃኒት የሆነው ለእርሷ መርዝ ነው፤ ሽባ አድርጎ ይገድላታል። መዥገሩ በወረንጦ ይነቀላል።

ሌላው ትልቅ ስሕተት ውኃ ውስጥ መክተት ነው። እኔ ራሴ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ዲስክ የመታትን ኤሊ «ነፍስ ትዘራለች» ብለን ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ አሳደርናት። በማግሥቱ ሞታ አገኘናት። የተማርን ነን ባዮች ይህን ካደረግን ሌላው ቢሳሳት አይፈረድበትም። የየብስ ኤሊ የውኃ እንስሳ አይደለችም፤ እግሯ እንደ ዝሆን እግር ድቡልቡል ነው። የውኃ ኤሊ ግን ጣቶቿ በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው። በዚህ ይለዩዋቸው።

ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ እስክትደርስ ድረስ ጸጥ ባለ ቦታ፣ ከውሻና ከሕፃናት ርቃ፣ በሣጥን ውስጥ ትቆይ። ከሥሯ አፈር ሳይሆን ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጋዜጣ ይንጠፍላት። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከውጭ ስለሆነ፣ ብርድ ላይ ካደረች ቁስሏም አይድንም፤ መድኃኒቱም በደንብ አይሠራላትም። ሌሊት የሞቀ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ከአጠገቧ ያኑሩ። ቀን ደግሞ የጧት ፀሐይ ይበቃታል፤ ጥላ በሌለበት የቀትር ፀሐይ አይተዉአት። ሣር፣ የአረም ቅጠልና እሾሁ የተጠረገ የባሕር ቁልቋል ይስጧት፤ ወተትና እንጀራ ምግቧ አይደለም። ጥቂት ቀን እምቢ ብትል አፏን አያስከፍቱ። ከነኳት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ መስላ ሆድ የሚያውክ ተሕዋስ ልትይዝ ትችላለችና።

እኔ የሰብል ባለሙያ ነኝ፤ አጥንት ገጥሞ ማሰርና መርፌ መስጠት የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ኤሊ የዱር እንስሳ ስለሆነች ለቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ያስታውቁ። ጭረት ብቻ ከሆነ ታጥባ በዚያው ቀን መለቀቅ ትችላለች። የተሰነጠቀው ቅርፊት ግን ለመግጠም ብዙ ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ ከላይ ደርቆ በማየት ብቻ አይቸኩሉ። ቁስሉ ጠንክሮ፣ ሽታ አጥቶ፣ ሲነካ የማይነቃነቅ ሲሆን፣ እርሷም በአራቱም እግሯ ጸንታ ስትሄድና በራሷ ስትግጥ ሐኪሙ ይፈቅዳል።

የምትለቀቀው ምልክት ባደረጉበት ሥፍራ ነው። «የተሻለ ሣር አለ» ተብሎ ወደ ሌላ ወረዳ መውሰድ አይረዳትም፤ መሸሸጊያዋንና ውኃዋን የምታውቀው እዚያ ነው። የተጎዳችው መንገድ ላይ ከሆነ ትሄድበት በነበረው ወገን ከመንገዱ አርቀው ያስቀምጧት። ቅርፊቷን ቀለም አይቀቡ፤ አይብሱም። ዝናብ ጥሎ ሣር በለመለመበት ወራት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ከቁጥቋጦ ጥግ ያኑሯት። አንገቷን ሰብስባ ብትቆይ አይግፏት፤ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ኮቴ ሲጠፋ ራሷን አውጥታ ትሄዳለች።